«እግዜር ይስጥሽ» ብዬ ያለፍኳት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ በሩ ላይ ልጅ ያዘለች እናት «ስለ ማርያም» አለችኝ። ኪሴ ውስጥ ድፍን ሁለት መቶ ብር ነበር፤ ዝርዝር የለኝም። «እግዜር ይስጥሽ» ብዬ አለፍኩ። እሷም «አሜን» አለች፣ ከልቧ። ብዙም ሳልርቅ ማኪያቶ አዝዤ ያንኑ ብር ዘረዘርኩት።

«አሜን» ያለችው ነገር እስካሁን ይከነክነኛል።

የአዲስ ኪዳኑ ያዕቆብ ይህችን ቃላችንን የሚያውቃት ይመስለኛል። በመልእክቱ 2ኛ ምዕራፍ፣ የሚለብሰውና የሚበላው ያጣን ወንድም «በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡም» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኝ ሰው አለ። ልብ በሉ፣ ሰውየው አልተሳደበም። እንዲያውም መረቀ! ያዕቆብ ግን «ምን ይጠቅማቸዋል?» ይላል። እኛ ደግሞ በምርቃት ማን ይችለናል? ሲያምርብን! አንዳንዴ ታዲያ ምርቃቱን እጃችን እንዳይዘረጋ መሸሸጊያ እናደርገዋለን።

የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1522 ይህን መልእክት «የገለባ መልእክት» ብሎት ነበር። ሰው የሚድነው በእምነት ነው ወይስ ሥራም ይጨመራል የሚለው ክርክር ዛሬም ኦርቶዶክስና ጴንጤ ጓደኛሞችን ያጋግላል። እኔ አልገባበትም። ክርክሩ የጦፈበት፣ ቡናውን የምታፈላው ልጅ ግን የሁለት ወር ደመወዟን ያላገኘችበት ቤት አውቃለሁ። ያዕቆብ ምዕራፍ 5 ላይ ለሠራተኛው ያልተከፈለው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል። እዚያ ሳሎን ውስጥ ጩኸቱ የተሰማው ሰው አልነበረም። እኔም ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ስለ ፈተና ሲወራ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጡት ትልልቆቹ ናቸው። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞቹን እንዲያወግዙ ሲጠየቁ እምቢ ብለው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት ወደቁ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል እያላቸው ምእመናኔን ጥዬ አልሄድም አሉ፤ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ተገደሉ። ሁለቱንም እናደንቃለን፣ ይገባቸዋልም። ማድነቁ ግን ቀላል ነው፤ ዛሬ እኔን ጠመንጃ ፊት የሚያቆመኝ የለም። የኔ ፈተና ያቺ ሠራተኛ ናት። አሠሪዋ ጓደኛዬ ነው፣ ብናገረው ይቀየመኛል።

የምላሳችን ነገርማ ባይነሳ ይሻል ነበር። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከወተት እንርቃለን፤ ማታ ማታ ግን ስልካችን ላይ ሰው ስንበላ እናመሻለን። ፌስቡክ ላይ ፎቶው የእመቤታችን ሥዕል የሆነ ሰው፣ ጠዋት «መልካም ዕለተ ሰንበት» ብሎ ለጥፎ፣ ከሰዓት የአንድን ብሔር ሕዝብ እስከ ዘር ማንዘሩ ሲረግም አንብቤያለሁ። ከሥር አንዱ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብሎታል። የጠዋቱን ይሁን የከሰዓቱን አላውቅም። ያዕቆብ በአንዱ ምላስ እግዚአብሔርን እንባርካለን፣ በእሱው ደግሞ በእግዚአብሔር ምሳሌ የተፈጠረውን ሰው እንረግማለን ያለው ይህን ነው።

የማኪያቶውን ነገር ለአንድ ወዳጄ ስነግረው «ታዲያ ለለማኝ ሁሉ ሰጥተህ ልትዘልቀው ነው?» አለኝ። አልዘልቀውም። እሱ እውነቱን ነው። «ዛሬ አልያዝኩም» ብላት ደግሞ ውሸት ነው፣ ይዣለሁ። የቀረኝ «አልሰጥሽም» ማለት ነበር። ዓይኗን እያዩ ይህን ማለት ከባድ ነው። እግዜርን መሃል ያስገባሁት ለዚህ ነው።