የዳነ የሚመስለው ውሻ ገና አልዳነም

ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ወደ ቤት የተመለሰ ውሻ ቤተሰቡን ከምንም በላይ የሚያስጨንቀው በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ማደንዘዣው ጨርሶ ስላልለቀቀው እየተንገዳገደ ይራመዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት በሚመስል ሁኔታ ያላዝናል፤ በዚያ ሌሊት ቤት ውስጥ ደህና እንቅልፍ የሚተኛ ሰው አይኖርም። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ግን ያው ውሻ ሳህኑን ጠርጎ ይበላል፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ይሮጣል፣ ሶፋ ላይ መውጣት ያምረዋል፤ ቤተሰቡም «ተመስገን፣ ዳነልን» ብሎ ጥበቃውን ያላላል። በእኔ አስተያየት ይህ የጥንቃቄ አካሄድ የተገለበጠ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት የራሱ አደጋ እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን በባለቤቱ እጅ ያለው፣ ማለትም ቤት ውስጥ በጥንቃቄ ሊቀር የሚችለው ጉዳት በብዛት የሚመጣው ውሻው ሲብስበት ሳይሆን ሲሻለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱ ቁስል የሚድንበት መንገድ ነው። ሐኪሙ የቆረጠውን ሰፍቶ ሲጨርስ የቁስሉን ጠርዞች አገናኝቶ የሚይዘው ክሩ ነው እንጂ ሥጋው አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ሰውነት የሞቱ ሕዋሳትን በማጽዳትና ተህዋስያንን በመከላከል ሥራ ስለሚጠመድ ቁስሉ የራሱ የሚባል ጥንካሬ የለውም። ከዚያ በኋላ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ቀስ በቀስ እየተሠራ ጠርዞቹን ያያይዛል፤ ይሁንና በሦስተኛው ሳምንት ላይ እንኳን የተሰፋው ቆዳ ጥንካሬ ከጤነኛው ቆዳ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከወራት በኋላም ከ80 በመቶ ብዙም አያልፍም። የቆዳ ስፌት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ የሚወጣው ቆዳው ራሱን ችሎ መያያዝ ስለጀመረ እንጂ ከሥሩ ያለው ሁሉ ስለዳነ አይደለም። ሆዱ ተከፍቶ ከነበረ ከቆዳው በታች ያለው የሆድ ግድግዳ ከቆዳው ዘግይቶ ይጠነክራል፤ የጉልበት ጅማት ተበጥሶ ለዚያ ሲባል አጥንት ተቆርጦ የተስተካከለ እንደሆነ ደግሞ አጥንቱ እስኪያያዝ ከ8 እስከ 12 ሳምንታት ያስፈልጋል። ውሻው ይህን የጊዜ ሰሌዳ አያውቅም። እርሱ የሚያውቀው ዛሬ ከትናንት ያነሰ እንደሚያመው ብቻ ነው።

ህመሙን የቀነሰለት ደግሞ በአብዛኛው መድኃኒቱ ነው። ከዚህ ተነስተው «ትንሽ ቢያመው ይሻላል፣ አርፎ ይተኛል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ አስተሳሰብ በአንድ ወቅት በእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ዘንድም ተቀባይነት ነበረው። አልስማማበትም። ህመም እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የሰውነትን ጭንቀት እያባባሰ መዳንን ያጓትታል፤ ያመመው ውሻም የሚመቸውን አተኛኘት ሲፈልግ፣ ሲነሳና ሲወድቅ ያድራል እንጂ ጸጥ ብሎ አይተኛም። እንቅስቃሴን መገደብ የገመድና የበር ሥራ ስለሆነ ሐኪሙ ያዘዘው ማስታገሻ በሰዓቱ፣ እስከ ታዘዘበት ቀን ድረስ ሊሰጥ ይገባል።

ችግሩ ውሻ ህመሙን አጉልቶ የሚያሳይ እንስሳ አለመሆኑ ነው። ብዙ ባለቤቶች ስላልጮኸ አላመመውም ብለው ይደመድማሉ። በስኮትላንድ የሚገኘው የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ያዘጋጁት የውሻ ህመም መለኪያ ግን ከጩኸቱ በተጨማሪ ውሻው ለቁስሉ የሚሰጠውን ትኩረት፣ አረማመዱን፣ አቀማመጡን፣ በቁስሉ ዙሪያ ሲነካ የሚያሳየውን ምላሽና አጠቃላይ ሁኔታውን ይመዝናል። ቤት ውስጥም ሙቀት ሳይኖር የሚያለከልክ፣ ጀርባውን የሚያጎብጥ፣ ድካም እየታየበት ጋደም የማይል፣ ጥግ የሚይዝ ወይም እጅ ሲቀርበው የሚያጉረመርም ውሻ ያመመው ውሻ ነው ብሎ መነሳት ይበጃል። ጅራት መቁላት የደህንነት ማስረጃ አይሆንም፤ ያመመውም ውሻ ባለቤቱን ሲያይ ጅራቱን ይቆላል። ይህን ያየ ሰው ወደ ራሱ የመድኃኒት ሳጥን እጁን ቢሰድ ግን ከሁሉ የከፋውን ጥፋት ይሠራል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞል በግምት ሲሰጥ ጉበትንና ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበላሻል። ለውሻ የሚታዘዙት እንደ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ያሉ መድኃኒቶችም ቢሆኑ በክብደቱ ተሰልተው ከምግብ ጋር የሚሰጡ ናቸው እንጂ ከሌላ ተመሳሳይ ማስታገሻ ወይም ከስቴሮይድ ጋር የሚደራረቡ አይደሉም፤ ውሻው ካስመለሰው፣ ምግብ እምቢ ካለ ወይም አይነ ምድሩ ከጠቆረ ቀጣዩን መጠን ከመስጠት በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ መጀመሪያው ሌሊት ብዙ የምለው የለኝም። ከማደንዘዣ የወጣ ሰውነት ሙቀቱን መጠበቅ ይቸግረዋልና ሞቅ ያለ፣ ነፋስ የማይገባበት፣ ወለል ላይ የተነጠፈ መኝታ ይዘጋጅለት። ልጆችና ሌሎች እንስሳት ለጊዜው ይራቁለት፤ ገና ያልነቃ ውሻ የሚወደውንም ሰው ሊነክስ ይችላል። ውሃው በጥቂት በጥቂቱ፣ ምግቡም ከወትሮው ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰ ይሁን። ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ በነበረው የመተንፈሻ ቱቦ ምክንያት ለአንድ ሁለት ቀን ቀለል ያለ ሳል ሊኖረው ይችላል፤ ወደ ቀዶ ጥገናው ሳይበላ ስለገባ አይነ ምድሩ ለሁለት ሦስት ቀን ቢዘገይም አያስደነግጥም። ሽንት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሙሉ 24 ሰዓት ሳይሸና ከቆየ ለሐኪሙ ይነገር።

የባለቤትን አንጀት ከሁሉ አብልጦ የሚፈትነው አንገት ላይ የሚጠለቀው ሾጣጣ የፕላስቲክ ከለላ ነው። ውሻው በሩን ይመታበታል፣ የሰው እግር ይገጭበታል፣ ጭንቅላቱን ደፍቶ በሚያሳዝን ዓይን ያያል፤ በቤቱ ውስጥም አንጀቱ የማይችል ሰው አይጠፋምና «ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ እኔ እያየሁት» ብሎ ያወልቅለታል። ያ ሰው ስልክ ለማንሳት ዘወር እስኪል ድረስ ክሩ ተነቅሎ ሊያልቅ ይችላል። ስፌት ለመበጣጠስ የሚፈጀው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ሲሆን፣ መልሶ ለመስፋት ግን ሌላ ማደንዘዣና ሌላ ወጪ፣ አንዳንዴም የተበከለ ቁስል ይጠብቃል። ውሻ ቁስሉን ልሶ ያድናል የሚለው አሮጌ እምነትም እዚህ ላይ ሰበብ ሆኖ ይቀርባል። ምራቁ ውስጥ አንዳንድ ተህዋስያንን የሚያዳክሙ ንጥረ ነገሮች መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያው አፍ በባክቴሪያ የተሞላ ነው፣ መላሱም አዲስ የበቀለውን ስስ ሕዋስ እየፋቀ ያረጥበዋል። ከለላው ልክ ሆኖ ሲመረጥ ጠርዙ ከአፍንጫው ጫፍ አለፍ ይላል፣ የአንገቱ ማሰሪያም ሁለት ጣት ያስገባል። መብላት ካስቸገረው ሳህኑን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ካልሆነም ከአጠገቡ ቆሞ አብልቶ ወዲያው መልሶ ማጥለቅ ይቻላል። በአየር የሚነፋው ለስላሳ ዓይነት ለእግርና ለጅራት ቁስል ብዙም አይረዳም፤ አፉ በቀላሉ ይደርስበታል። አብዛኞቹ ውሾች ከለላውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለምዱታል፤ የማይለምደው ብዙውን ጊዜ ሰው ነው።

ቁስሉን በቀን ሁለት ጊዜ በበቂ ብርሃን ማየትና በስልክ ፎቶ ማንሳት ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙዎች የማያደርጉት ነገር ነው። የትናንቱን እብጠት ከዛሬው ጋር በማስታወስ ብቻ ማነጻጸር አይቻልም፤ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ግን ነገሩ ግልጽ ይሆናል፤ ለሐኪም ለመላክም ይመቻሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል መቅላትና መጠነኛ እብጠት ይጠበቃል፤ ከቀን ወደ ቀን እየባሰ የሚሄድ መቅላት፣ ትኩሳት ያለው ቆዳ፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ ወይም የተከፈተ ክፍተት ግን አይጠበቅም። አንዳንዴ ከቆዳው ሥር ውሃ የቋጠረ ለስላሳ እብጠት ይፈጠራል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ከመጠን ያለፈ እንቅስቃሴ ውጤት ነው፤ ሐኪሙ እንዲያየው ማድረግ እንጂ ቤት ውስጥ መጭመቅ ወይም በመርፌ መብሳት ተህዋስ ማስገባት ይሆናል። አልኮልና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድም ጀርም ይገድላሉ ተብለው ሲፈሱ በመዳን ላይ ያለውን ሕዋስ አብረው ይገድላሉ፤ ያልታዘዘ ቅባትም ውሻውን እንዲልስ ከመጋበዝ ያለፈ ጥቅም የለውም። ስፌቱ እስኪወጣ ድረስ ገላውን ማጠብ አይገባም። ፋሻ ከታሰረለት ደግሞ ከቤት ሲወጣ ብቻ በፕላስቲክ ይሸፈንና ሲመለስ ይገለጥ፤ ፋሻው ከረጠበ፣ ከሸተተ ወይም ከሥሩ ያሉት ጣቶች ካበጡ በዚያው ቀን መቀየር አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው እንቅስቃሴን መገደብ ነው፤ እዚህ ላይ ባለቤቶችን አልወቅስም። ጉልበት የተሞላ ውሻን ለሳምንታት በጠባብ ክፍል ወይም በፍርግርግ ጎጆ ውስጥ ማቆየት ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ሶፋ ላይ አንዴ መዝለል፣ ደረጃ እየሮጡ መውጣት ወይም በተወለወለ ወለል ላይ መንሸራተት የሳምንታትን ድካም በአንድ ጊዜ ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ ውሻው ለሽንት ሲወጣ፣ ግቢው የታጠረ ቢሆን እንኳን፣ በአጭር ገመድ ታስሮ ይውጣ፤ የሚያንሸራትት ወለል ምንጣፍ ይነጠፍበት፤ ደረጃና ሶፋ ይዘጉበት። የሰውነቱ ሥራ ሲቀነስ ግን የአእምሮው ሥራ ሊጨመርለት ይገባል፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ምግቡን በሳህን ከማቅረብ ይልቅ በፎጣ ጠቅልሎ አሽትቶ እንዲያወጣው ማድረግ፣ ባለበት ሆኖ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች ማለማመድ፣ ሐኪሙ የፈቀደውን የሚታኘክ ነገር መስጠት መሰላቸቱን በእጅጉ ያቀልለታል። ውሻው በተፈጥሮው እረፍት የለሽ ከሆነ ደግሞ የሚያረጋጋ መድኃኒት ከሐኪሙ መጠየቅ አያሳፍርም። የሚያቃጥለው ጉልበት ስለቀነሰ የምግቡ መጠንም መቀነስ አለበት፤ የጨመረው ክብደት በታመመው መገጣጠሚያ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለ ተኮላሸ ወንድ ውሻም አንድ ነገር ላንሳ፦ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት በዘር ቱቦው ውስጥ የቀረ ዘር ስለሚኖር ሴት ማስረገዝ ይችላል፤ እርሱም ጉዳዩ ያለቀ የሚመስል እንጂ ያላለቀ ነው።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚኬድባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ጤነኛ ድድ ጥርት ያለ ሮዝ ነው፤ በጣት ተጭነው ሲለቁት የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ድዱ ከገረጣ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ለመነሳት ካቃተው ወይም ትንፋሹ ከከበደው ወደ ውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላልና ነገን መጠበቅ አይገባም። የሆድ ስፌት ተከፍቶ የውስጥ አካል ከታየ በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ወደ ውስጥ ለመመለስ ሳይሞክሩ፣ እንዳይልሰውም አፉን ጠብቆ በፍጥነት መውሰድ ነው።

እስካሁን ያልኩት ባለቤትን የሚመለከት ነው፤ የሕክምና ባለሙያዎችም ድርሻ አላቸው። የቤት እንክብካቤ መመሪያ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ውሻው ከክሊኒክ በሚወጣበት ደቂቃ ነው፤ በዚያ ደቂቃ ደግሞ የባለቤቱ ዓይንም ጆሮም ከውሻው ጋር ስለሆነ ከሚነገረው ውስጥ ግማሹን እንኳን ይዞ የሚሄድ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። መመሪያው በቀላል ቋንቋ ተጽፎ ከቀዶ ጥገናው በፊት፣ ባለቤቱ ስምምነቱን ከመፈረሙ አስቀድሞ ሊሰጠው ይገባል፤ ከዋጋው ጋርም «ለስንት ሳምንት ቤት የሚውል ሰው አለ? ውሻው የት ነው የሚታሰረው?» የሚሉት ጥያቄዎች ሊነሱ ይገባል። ሁሉም ሰው ሥራውን ትቶ ውሻ ሲጠብቅ ሊውል አይችልም የሚል መቃወሚያ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ መቃወሚያውም ተገቢ ነው። ድንገተኛ ቀዶ ጥገና ምርጫ አይሰጥም፤ በዚያ ጊዜ የቤተሰቡ አባላት በፈረቃ መጠበቅ፣ ካልተቻለም ውሻውን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያቆይ ክሊኒክ መፈለግ ይኖርባቸዋል። እንደ ማኮላሸት ያለው በቀጠሮ የሚሠራ ቀዶ ጥገና ግን ጤነኛ በሆነ ውሻ ላይ የሚደረግ በመሆኑ ለጥቂት ሳምንታት ቢዘገይ ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ጉዳት የለም፤ ስለዚህ ቀጠሮው መያዝ ያለበት የሐኪሙ ክፍት ቀን ታይቶ ብቻ ሳይሆን፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ቤት ውስጥ ሰው መኖሩ ተረጋግጦ ነው።