ጥበብ ፊትና ጀርባ

«የከተማ ዳር ሰው ስለ ጥበብ ምን ያውቃል?» የሚል ካለ፣ በፈተና ሰሞን ቱሉ ዲምቱ ብቅ ይበልና ይፈር። ኮንዶሚኒየሙ በሙሉ አቴንስ ሆኖ ይጠብቀዋል። አንዷ ልብስ እያሰጣች ፕላቶን ታነበንባለች። አንዱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ «ህዳሴ፣ ጣሊያን፣ ዳ ቪንቺ፤ ህዳሴ፣ ጣሊያን፣ ዳ ቪንቺ» ይላል። ሌላው ጀሪካኑን ወረፋ አስይዞ ባሮክ የሚባለውን የአውሮፓ የጥበብ ዘመን ይሸመድዳል። ውሃው ሳይመጣ ባሮክ ያልቃል።

የማታ ተማሪዎች ናቸው። ፈተናቸው ከኪነ ጥበብ፣ ከሥነ ጽሑፍና ከፍልስፍና የተውጣጣ ነው። ሥዕል አለ፣ ዜማ አለ፣ ቴአትር አለ፣ ግጥምና ልብ ወለድ አለ፣ ከሶቅራጥስ እስከ ሳርትር የተሰለፈው ፈላስፋ ሁሉ አለ። ፋራ ሰው ይህን ሲሰማ መጽሐፍ ፍለጋ ይሮጣል። የእኛ ሰፈር ልጅ ግን ነቄ ነው። ሾርት ኖት ይገዛል።

እኔም ብዕር ያነሳሁት ሾርት ኖትን ላወድስ ነው። የስንትና ስንት ሺህ ዓመት የሰው ልጅ ሐሳብ በ14 ገጽ ተጠቅልሎ እጃችን ሲገባ፣ አንድ አመስጋኝ እንኳ መጥፋቱ ነውር ነው።

የመጀመሪያው ምስጋና ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ይድረስ። ከታክሲ ማዞሪያው አጠገብ ያለች ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ናት። ግማሿ የሞባይል ካርድና ቻርጀር መሸጫ ነው፤ ግማሿ የአሌክሳንድርያ ቤተ መጻሕፍት። መብራት ሲኖር ይታተማል። መብራት ሲጠፋ በቴሌግራም ይላካል። ተማሪው ጎንበስ ብሎ «ፍልስፍና አለ?» ሲል፣ ባለቤቱ ቀና ሳይል «በአንድ ገጽ ነው ወይስ ፊትና ጀርባ?» ብሎ ይመልሳል። እስከ ፈተናው ማግስት ድረስ ከዚህ የከበደ የፍልስፍና ጥያቄ ልጁን አይገጥመውም።

ፊትና ጀርባ ይረክሳል። ታዲያ ወረቀቱ ስስ ነው። ስለ ፕላቶ ዋሻ ስታነቡ ከጀርባው ሞዛርት ተገልብጦ ይታያችኋል። ፕላቶ «በዋሻው የታሰሩት ሰዎች የሚያዩት ጥላ ብቻ ነው» ብሎ የለ? የእኛ ልጆች ጥላውን ከነጀርባው ያዩታል። በዚህስ በልጠውታል።

ከፈላስፎቹ ሁሉ የሚወደደው ሶቅራጥስ ነው። ሰውየው አንድ መስመር እንኳ ጽፎ አልሄደም። የሚነበብ የለውም። «በ399 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ መርዝ ጠጥቶ ሞተ» ብሎ መሻገር ነው። ካንት ለተማሪ እንዲህ አሳቢ አልነበረም። ካንት ላይ ሲደርሱ ብዙዎቹ ቡና ያፈላሉ።

ሥነ ጽሑፉ ላይ ደግሞ ተአምር ተሠርቷል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው። በሾርት ኖቱ አራት መስመር ሆኗል። ደራሲ፦ ሀዲስ ዓለማየሁ። ዓመት፦ 1958። ገጸ ባሕርያት፦ በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌል፣ ጉዱ ካሣ። ጭብጥ፦ ፊውዳሊዝም። ፍቅር የሚለው ርዕሱ ላይ ስላለ ጭብጡ ላይ አልተደገመም፤ ቀለም ይቆጥባል። የጎረቤቴን ልጅ «ጉዱ ካሣን እንዴት አየሽው?» አልኳት። «ቁጥር ስንት ላይ ነው?» አለችኝ። እናትየው ይህንኑ ታሪክ በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ሰምታ ስታለቅስ የከረመች ሴት ናት። ልጅየው አራቱንም መስመር በቃሏ ይዛ ዓይኗ እንኳ አልረጠበም። ትውልድ እንዲህ ነው የሚጠነክረው!

ወደ ሥዕሉ እንምጣ። ፎቶ ኮፒ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ሥነ ጥበብን ከአላስፈላጊ ቀለም ገላግሎታል። የቫን ጎግ ሱፍ አበባ በእኛ ሰፈር ግራጫ ነው። ስለ ኢምፕሬሽኒዝም «ለብርሃንና ለቀለም ትልቅ ቦታ ይሰጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የተጻፈው የሠዓሊው የሞኔ ሥዕል ከነበረ አንድ ድፍን ጥቁር ሳጥን ሥር ነው። አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት ባለቀለም መስታወትም እንደዚሁ ሳጥን ሆኗል፤ ትንሽ ሰፋ ይላል እንጂ። ተማሪው ግን አይደናገርም። ሰፊው ሳጥን አፈወርቅ ተክሌ፣ ጠባቡ ሞኔ ብሎ ይዟል። ያልተጎዳው ጌርኒካ ብቻ ነው። ፒካሶ በ1937 እ.ኤ.አ. ሲስለው በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ነበር። ሰውየው የእኛን ፎቶ ኮፒ ቤት ቀድሞ አይቶት መሆን አለበት።

ዜማም አልተረሳም። «የቅዱስ ያሬድ ዜማዎች፦ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ።» ሦስት ቃል፣ ሦስት ነጥብ። እሑድ ገና ሳይነጋ ዜማው ራሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይመጣል። ልጁ «አቦ ረበሹኝ» ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። ከዚያ መልሶ «ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ» እያለ ይቀጥላል።

የቅኔው ነገር ግን ራሱን የቻለ ውዳሴ ይገባዋል። ብሎካችን ግራውንድ ላይ አንድ መሪጌታ ይኖራሉ። በልጅነታቸው ቁራሽ ለምነው፣ ከውሻ ጋር ተናንቀው፣ ጎጃም ቅኔ ቤት የተማሩ ሰው ናቸው። ሾርት ኖቱ ስለ ቅኔ ያለው «ቅኔ = ሰም + ወርቅ» ብቻ ነው። ሒሳብ ይመስላል፤ ያምራል። ከአራተኛ ፎቅ አንዱ ልጅ የጥያቄና መልሱ ቁጥር 27 አልዋጥልህ ብሎት ወደ እሳቸው ወረደ።

«የኔታ፣ አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ። ቅኔ ስንት ቤት ነው ያለው?»

«የቱ ቅኔ ልጄ?»

«በቃ… ቅኔ።»

«ጉባኤ ቃና ከሆነ ሁለት ቤት ነው። መወድስ ከሆነ ስምንት ነው። ዘአምላኪየ አለ፣ ሚበዝኁ አለ፣ ዋዜማ አለ፣ ሥላሴ አለ፣ ዕጣነ ሞገር አለ። እስቲ አረፍ በል። አንድ ጉባኤ ቃና ልንገርህ፤ ሰሙን ከወርቁ አንተው ትለየዋለህ።»

«አይ የኔታ፣ እቸኩላለሁ። ምርጫው ሀ ሁለት፣ ለ አራት፣ ሐ ስድስት፣ መ መልስ የለም ነው የሚለው።»

«ነገርኩህ እኮ ልጄ። እንደ ቅኔው ነው።»

«‹እንደ ቅኔው› የሚል ምርጫ የለም፣ የኔታ።»

መሪጌታ ዝም አሉ። ልጁ እጅ ነስቶ ወጣ። ደረጃው ላይ ለጓደኛው ሲነግረው ሰማሁት፦ «የኔታ አልተዘጋጁም።»

እውነት ነው፣ አልተዘጋጁም። የእሳቸው ትምህርት ቤትም ሽምደዳ ሞልቶታል፤ ዳዊቱ በቃል ነው፣ ግሡ በቃል ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪው የያዘውን ይዞ በየቀኑ አዲስ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቆማል። መምህሩ ያርመዋል። በነጋታው እንደገና ሌላ አዲስ። የጓደኛውን ይዞ ቢመጣ መሳቂያ ይሆናል። እንዴት ያለ የጊዜ ብክነት ነው! የዓምናውን ቅኔ ፊትና ጀርባ አባዝቶ የሚያድል አንድ ሰው ቅኔ ቤቱ አካባቢ ቢገኝ ኖሮ ስንቱ ተማሪ ቶሎ ተመርቆ በሄደ።

«ይህ የእኛ አገር ጉድ ነው» የሚልም አይጠፋም። ፈረንጆቹስ? አሜሪካ ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው ክሌፕ የሚባል ፈተና አለ። ከትምህርቶቹ አንዱ ሂዩማኒቲስ ነው፤ ግማሹ ሥነ ጽሑፍ፣ ግማሹ ኪነ ጥበብ። 140 ያህል ጥያቄ በ90 ደቂቃ ይሠራል። አስሉት። ለአንድ ጥያቄ 40 ሰከንድ አይሞላም። ለሆሜር 38 ሰከንድ፣ ለሚካኤል አንጄሎ 38 ሰከንድ። የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ብቻውን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ወደ መቶ ጥያቄ ማጥቆር ይቻል ነበር። እርግጥ የእነሱ ሐሳብ በራሱ አንብቦ የመጣ ሰው ያወቀው እንዲቆጠርለት፣ ክሬዲት እንዲያገኝበት ነው። የማንበቡ ነገር መንገድ ላይ ቀርቶ፣ የልምምድ ጥያቄው ብቻ በፒዲኤፍ ቱሉ ዲምቱ ገብቷል። በዚህም ምክንያት ልጆቻችን ጃዝ ኒው ኦርሊንስ እንደተወለደ አሳምረው ያውቃሉ። ሙላቱ አስታጥቄ ፒዲኤፉ ውስጥ የሉም።

ልጆቹን ግን ማማት አልችልም። ቀን ሥራ የዋለ፣ ቃሊቲ ላይ ታክሲ ተሰልፎ እግሩ የዛለ፣ ከማታ ክፍል ወጥቶ አራት ሰዓት ላይ ቤቱ የሚገባ ሰው «500 ገጽ አንብብ» ቢባል ቢስቅ እውነቱን ነው። ሰፈሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚነበብበት ቤተ መጻሕፍት ፈልጎ ማግኘትም ራሱ ፈተና ነው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። እንግዲህ ሰው ፈርቶ ቢሸመድድ ምን ይገርማል?

ምስጋናው ይልቅ ለአውጪዎቹ ነው። መምህሩ የዘንድሮውን ፈተና የሚያወጣው ከዓምናው ነው። ሾርት ኖቱም የሚዘጋጀው ከዓምናው ነው። የዓምናው ከካቻምናው። ስለዚህ ሾርት ኖቱና ፈተናው ሁልጊዜ ይስማማሉ። አርስቶትል «ራሱ ሳይንቀሳቀስ ሁሉን የሚያንቀሳቅስ አንድ መነሻ አለ» ይላል። እዚህም ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ቢኬድ፣ አንድ ቀን መጽሐፉን ከፍቶ ያነበበ አንድ ሰው መገኘቱ አይቀርም። ማን እንደሆነ አይታወቅም። ባለበት ሰላም ይሁን።

ፍልስፍናን ለመጨረሻ ያቆየሁት በምክንያት ነው። የሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ዋና ሥራው እሱ ነው። «ዴካርት፦ ሁሉን ተጠራጠር» የሚለውን እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያለ ምንም ጥርጥር ተቀብሎታል። አልፎ አልፎ ግን መልስ ላይ ጠብ ይነሳል። የአንዱ ብሎክ ኖት ሐ ሲል የሌላው መ ይላል። ያኔ መጽሐፍ አይገለጥም። ድምፅ ይሰጣል። ለምሳሌ «የብዙ ሰው ድምፅን እንደ ማስረጃ መቁጠር ምን ዓይነት የሎጂክ ስህተት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲያከራክር ቆይቶ፣ ትክክለኛው መልስ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል።

ሰሞኑን የተፈታው ግን ትልቁ ነው። በግዕዝ የተጻፈውን የፍልስፍና መጽሐፍ «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን የጻፈው ማን ነው?» ሀ. ዘርዓ ያዕቆብ፣ ለ. ወልደ ሕይወት፣ ሐ. ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ፣ መ. መልስ የለም። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. «መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ሳይሆን የሚስዮናዊው የዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው» ብሎ ጻፈ። የፍልስፍና መምህሩ ክላውድ ሰምነር ብዙ ዓመት ደክመው የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተከራከሩ። ሊቃውንቱ መቶ ዓመት አልፏቸው ዛሬም አልተስማሙም። የእኛ ግሩፕ ከምሽቱ አራት ሰዓት ከፈተው፣ አምስት ሰዓት ላይ ዘጋው። ሀ አሸነፈ። አንድ ልጅ «ቆይ፣ የሁለቱንም ወገን ማስረጃ ብናይ እኮ ደስ ይላል» ብሎ ረጅም ነገር ጻፈ። አድሚኑ «ወንድሜ፣ ግሩፑን አታጨናንቅ» ብሎ አስወጣው።

ለነገ ማታ የተያዘው «የሰው ልጅ ነፃ ፈቃድ አለው ወይስ የለውም?» የሚለው ነው። ድምፅ መስጠት ግዴታ ነው ተብሏል።