ኦቦክን የምናውቃት በመርዶ ነው

በአማርኛ ዜና ውስጥ የጅቡቲዋ የባሕር ዳር ከተማ የኦቦክ ስም የሚነሣው ስደተኞች የጫነ ጀልባ ሲሰምጥ ነው። በ2019 መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ጀልባዎች ጎዶሪያ በሚባለው ዳርቻ አጠገብ ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሲያልቁ ስሟን ሰማን። በኤፕሪል 2021 ከየመን ይመለሱ የነበሩ 42 ሰዎች ሲሞቱ ደግመን ሰማን። በኤፕሪል 2024 በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰጠሙ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር መግቢያ ላይ ደግሞ 310 ሰዎች ከጫኑ ሁለት ጀልባዎች ቢያንስ 45 ሰዎች ሞቱ። ቁጥሩ ይነገራል፣ ነፍስ ይማር ይባላል፣ ከተማዋም እስከሚቀጥለው አደጋ ድረስ ከአፋችን ትጠፋለች። ወገኖቻችን የሚያልፉባትንና የሚቀበሩባትን ምድር ይህን ያህል አለማወቃችን ለእኔ ነውር ሆኖ ይታየኛል፤ ከነውርነቱም በላይ የሚያስከፍለን ዋጋ አለ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ኦቦክ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከጅቡቲ ከተማ በባሕር ማዶ የምትገኝ ትንሽ የአፋሮች ከተማ ናት። ከእርሷ በስተሰሜን የጎዶሪያና የኾር አንጋር ዳርቻዎች አሉ፤ ከእነዚያ አልፎ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገናኙበት ባብ ኤል ማንደብ ይመጣል። የባሕሩ ወሽመጥ እዚያ ጋ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሰፋ የመን ለኦቦክ ሰው ሩቅ አገር አይደለችም። አፋር በብዛት ከብት አርቢ ቢሆንም በዚህ ጠረፍ የሚኖረው ግን ዓሣም ያሰግራል። አጥማጆቹ ሞተር በተገጠመላቸው ትንንሽ ጀልባዎች ወጥተው በመረብና በእጅ በሚወረወር የመንጠቆ ገመድ ቱናና ባራኩዳን የመሳሰሉ ዓሦችን ይዘው ይመለሳሉ። ከጁን እስከ ኦገስት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ሐምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ሲነሣ ጀልባ ማውጣት ይከብዳል፤ ቢወጣም የተያዘው ዓሣ በረዶ ካላገኘ ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል። ስለዚህ የአጥማጁን የዕለት ገቢ የሚወስነው የባሕሩ ሀብት ብቻ ሳይሆን የበረዶ መኖርና አለመኖር ጭምር ነው። በጅቡቲ የታወቀው፣ ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቆ ቅመም ቀብቶ በጋለ የሸክላ ምድጃ የመጥበስ ልማድም ስሙ «የየመን ዓሣ» መሆኑ የሁለቱ ዳርቻዎች ጉርብትና ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ያሳያል።

ይህች ዛሬ ዳር ሆና የቀረች ከተማ ለጥቂት ዓመታት የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት መዲና ነበረች። የስዊዝ ቦይ በሚቆፈርበት ዘመን፣ እንግሊዞች ኤደንን ይዘው ስለነበር፣ ፈረንሳይ በዚህ መስመር ላይ የራሷ ማረፊያ ያስፈልጋት ነበር። በማርች 1862 ዲኒ አሕመድ አቡበከር የተባለ የአፋር ታላቅ ሰው ፓሪስ ድረስ ሄዶ በፈረመው ውል የኦቦክ መልሕቅ መጣያ በ10,000 ጠገራ ብር ለፈረንሳይ ተላለፈ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ፈረንሳይ የገዛችውን ቦታ በቅጡ አልያዘችውም። ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት ከቻይና ጋር የገጠመችው ጦርነት ነበር፤ እንግሊዞች ገለልተኛ ነን ብለው የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ከኤደን ከሰል እንዳይጭኑ በከለከሉ ጊዜ በ1884 ሌኦንስ ላጋርድ ተሹሞ ኦቦክ ገባ፤ የከሰል መጋዘን፣ የአስተዳዳሪ መኖሪያና ሌላም ተሠራ። ወደ እስያ ሲጓዙ በትኩሳት ያለቁ የፈረንሳይ ወታደሮች የተቀበሩበት የባሕር ዳር መካነ መቃብር እስከ ዛሬ አለ።

ለእኛ ታሪክም ኦቦክ ባዕድ አይደለችም። ፖል ሶሌዬ የተባለው ፈረንሳዊ ነጋዴ ከዚህ ጠረፍ ተነሥቶ በ1882 አንኮበር ደርሷል፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ከሚያገኙባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የኦቦክና የታጁራ ጠረፍ ነበር፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦም በ1886 የጠመንጃ ጭነቱን አስከትሎ ወደ ሸዋ የተነሣው ከጎረቤቷ ከታጁራ ነው። ላጋርድ ራሱ በኋላ የፈረንሳይ ልዑክ ሆኖ አዲስ አበባ መጥቶ ከምኒልክ የእንጦጦ መስፍንነት ማዕረግ ተቀብሏል፤ የኦቦክ ሹም የእንጦጦ መስፍን መባሉ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። ነገር ግን የኦቦክን ዕጣ ያጠፋውም ይኸው የኢትዮጵያ ንግድ ነው። መልሕቅ መጣያዋ ለነፋስ የተጋለጠ፣ ውኃዋም ጥቂት ነበር፤ ወደ ሐረር የሚወስደው የቅፍለት መንገድ ከደቡባዊው ዳርቻ ይቀርብ ስለነበር ላጋርድ ከ1888 ጀምሮ ጅቡቲን ቆረቆረ፤ አስተዳደሩም ጥቂት ቆይቶ ወደዚያ ዞረ። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ነገሩ ተቆረጠ። እኛ በባቡሩ የምንኮራውን ያህል፣ ሐዲዱ ያለፈው በማን በኩል እንደሆነና ማንን ትቶ እንዳለፈ ጠይቀን አናውቅም።

ጅቡቲ ነፃ ከወጣች በኋላም ሰሜኑ የተጠቀመው ጥቂት ነው። በ1991 መጨረሻ በአፋሮች በሚመራው ፍሩድ በተባለው ግንባርና በመንግሥት መካከል ጦርነት ሲነሣ ኦቦክ ከጦር ሜዳዎቹ አንዷ ሆነች፤ ከሰሜን ጅቡቲ የሸሹ ብዙ ሺህ አፋሮችም ወደ ኢትዮጵያ አፋር ገብተው በዘመዶቻቸው መካከል ተጠለሉ። የመጀመሪያው የሰላም ስምምነት በዲሴምበር 1994፣ የመጨረሻው በ2001 ተፈረመ። ስለዚህ ዛሬ የእኛን ስደተኛ በደጃፉ ሲያልፍ የሚያየው የኦቦክ ሽማግሌ፣ ስደትን ያውቀዋል፤ ምናልባት የተጠለለውም በእኛ አገር ነበር።

ከዚያ 2015 መጣ። የየመን ጦርነት ሲባባስ ከሞካና ከሌሎች የየመን ጠረፎች የተነሡ ቤተሰቦች በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ጭምር ወደ ኦቦክ ሸሹ፤ ከከተማዋ አጠገብም ማርካዚ የሚባለው የስደተኞች መጠለያ ተቋቋመ። በዚያው ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከኦሮሚያ የተነሡ ወጣቶች፣ ሳዑዲ ለመድረስ ብለው ወደዚያችው የምትነድ አገር ለመሻገር ሌሊት ሌሊት በዳርቻው ይሰበሰቡ ነበር። አንዱ ከጦርነት የሚሸሽበትን ውኃ ሌላው ወደ ጦርነቱ ይሻገርበታል። ፖለቲከኞቻችን ይህን «ሕገ ወጥ ፍልሰት» በሚል ሁለት ቃል ይዘጉታል፤ የኦቦክ አጥማጅ ግን ሁለቱንም ሰዎች በዓይኑ ያያል። የእኛዎቹ እዚያ የሚደርሱት አብዛኛውን መንገድ በእግራቸው ተጉዘው፣ በአሳል ሐይቅ አካባቢ ያለውን የላቫ ድንጋይ አቋርጠው ነው። በመንገዱ ዳር በድንጋይ ክምር ብቻ የሚለዩ መቃብሮች አሉ፤ ውኃ ጥም የገደላቸው ናቸው።

ከተማዋን ላመጻድቃት አልፈልግም። በዚያ ጠረፍ ጀልባውን ለአሻጋሪ የሚያከራይ አለ፤ ከዓሣ ይልቅ ሰው መጫን የሚያዋጣው አለ፤ በማርች 2021 ከመጠን በላይ ከጫኑት ጀልባ ላይ ሰዎችን ወደ ባሕር የወረወሩት አሻጋሪዎች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። ሆኖም ሰንሰለቱ የሚጀምረው እዚያ ሳይሆን እኛ ሰፈር ነው፤ የመጀመሪያው ደላላ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር የቀበሌያችን ሰው ነው። ማዕበሉ አስከሬን ወደ ዳር ሲተፋ ደግሞ ቀድሞ የሚያገኘው የዳርቻው ሰው ነው፤ በዚያ ሙቀት ቀብር ስለማይዘገይም ሬሳው ማንነቱ ሳይጣራ አፈር ይለብሳል።

ያልኩት ዋጋ እዚህ ላይ ነው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን፣ የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የሕመሙንና የሞቱን ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ወሬ መደበቅም ሆነ ማጣመም ነውር ነው። በእኛም ቤት መርዶ ሥርዓት አለው፤ ሽማግሌ ተመርጦ በማለዳ ተኪዶ ይረዳል፣ ከዚያ ለቅሶ ይቀመጣል፣ እርም ይወጣል። በኦቦክ ባሕር የሞተው ልጅ ግን በሁለቱም ሥርዓቶች መካከል ይወድቃል። የዳርቻው ሰው መቅበሩን ያውቃል፤ ማንን እንደቀበረ አያውቅም። እናቱ ወሎ ውስጥ ልጇ መሄዱን ታውቃለች፤ መሞቱን አታውቅም፤ ስለዚህ እርሟን ሳታወጣ፣ ስልኩ ይጠራ ይሆን እያለች ዓመታት ትቆያለች።

ሰሞኑን ስለ ባሕር ብዙ እናወራለን። ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ቀይ ባሕር የዕለት አጀንዳችን ሆኗል፤ በ2024 መጀመሪያ ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ፣ በዚያው ዓመት ክረምት ጅቡቲ የታጁራን ወደብ ኢትዮጵያ እንድታስተዳድረው ማቅረቧ፣ ሁሉም ተወርቷል። ታጁራና ኦቦክ የአንድ ባሕረ ሰላጤ አንድ ዳርቻ ናቸው። የባሕር በር ጥያቄው ራሱ ተገቢ መሆን አለመሆኑ ሌላ ክርክር ነው፤ የሚያስገርመኝ ግን በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ኮንቴይነር፣ ክሬንና የኪራይ ዋጋ ሲጠራ በዳርቻው የሚኖር ሰው አለመጠራቱ ነው። ባሕሩን የምንፈልግ ከሆነ ባሕሩ ላይ የሚኖሩትን ማወቅ ከወደብ ውል የሚቀድም ሥራ ይመስለኛል፤ የባሕር ወሬያችንም የሞቱብንን በመመዝገብ ቢጀምር ያምርበት ነበር።

ይህ ደግሞ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ኦቦክ ውስጥ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት የሚያስተዳድረው የስደተኞች መቀበያ ማዕከል አለ፤ ከአደጋ የተረፉ ሰዎች እዚያ አርፈው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ጀልባው ላይ አጠገባቸው ማን እንደተቀመጠ፣ ከየት ወረዳ እንደመጣ፣ ምን ዓይነት ሸሚዝ እንደለበሰ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ወሬውንም ይዘውት ይበተናሉ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚጽፍ አንድ የመንግሥታችን ተወካይ በዚያች ከተማ ቢቀመጥ፣ የተራፊዎቹን ቃል ወዲያው ቢመዘግብ፣ ቀባሪዎቹን በአፋርኛ ተናጋሪ አማካይነት ዳጉ ቢጠይቅና ሁለቱን አገናኝቶ ስሙን ወደ ወረዳው ቢልክ፣ መርዶው በሽማግሌ አማካይነት ከቤተሰቡ ደጅ ይደርሳል።