ፍጥነት ዕውቀት አይደለም

የአንድ ድርጅት ኃላፊ ሰሞኑን የመረጃ ተንታኞቻቸውን ያሰናበቱበትን ምክንያት ሲያስረዱ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባለሙያው በሳምንት የሚሠራውን በደቂቃ ስለሚጨርስ እንደ ባለሙያው ሊታመን ይገባዋል ብለዋል። ቶሎ መጨረስና አውቆ መጨረስ ከመቼ ወዲህ ነው አንድ የሆኑት?

«ሰውስ አይሳሳትም ወይ?» የሚለው መከራከሪያማ ከሁሉም የባሰ ነው። ሰው ይሳሳታል፤ ሲሳሳት ግን ስሙና ፊርማው ሪፖርቱ ላይ ስላለ ይጠየቅበታል። መሣሪያው ስህተቱ ሲነገረው ይቅርታ ጠይቆ፣ በዚያው እርግጠኝነት ሌላ ስህተት ሊያቀርብ ይችላል።

ነገሩ ከስሌት በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ከሳንባ ምች ሕሙማን መካከል ማን ሆስፒታል መተኛት እንዳለበት፣ ማን ቤቱ ሆኖ መታከም እንደሚችል የሚለዩ ሞዴሎችን፣ ማለትም ከመረጃ ተምረው የሚተነብዩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን፣ በሕሙማን መዝገብ አሠለጠኑ። አንዱ ሞዴል አስም ያለበት ታማሚ በሳንባ ምች የመሞት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው የሚል ሕግ አወጣ። የስሌት ስህተት አልነበረበትም፤ በመዝገቡ መሠረት አስም ያለባቸው በእርግጥም የሞቱት ጥቂት ነበሩ። የዳኑት ግን ሐኪሞች አደጋቸውን አውቀው በቀጥታ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያስገቧቸው ስለነበር ነው። ሞዴሉ ውጤቱን አየ፤ ውጤቱን ያመጣውን ርብርብ አላየም። ሕጉ ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ አልጋ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ወደ ቤታቸው በተሸኙ ነበር! ይህን ያስቆመው የበለጠ ስሌት ሳይሆን ሆስፒታል ውስጥ ምን እንደሚደረግ የሚያውቁ ሰዎች ጥያቄ ነው። ከሞዴሎቹ ሁሉ የላቀ ውጤት ያስመዘገበው ደግሞ ውሳኔው ላይ እንዴት እንደሚደርስ ውስጡ የማይነበብ ስለነበር፣ ሌላም የተደበቀ ጉድ ይኖረዋል ተብሎ ተሰግቶ በሕሙማን ላይ እንዳይውል ተደረገ። አንደኛ መውጣቱ አላዳነውም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቁጥር ይደምርልን፣ የተዝረከረከ ሰንጠረዥ ያስተካክልልን፣ ግራፍ ይሣልልን። ይህን ማንም አይከለክልም። ከዚህ አልፎ ግን የባለሙያ ፍርድ ከእርሱ መጠበቅ፣ ባለሙያው ምን እንደሚሠራ ከመጀመሪያውም አለማወቅ ነው።

የዛሬዎቹ ሞዴሎች እጅግ ብዙ አንብበዋል ይሉናል። ያንብቡ። ማንም ያልጻፈው ነገር ግን በንባብ አይገኝም። ባለሙያው የሰንጠረዡ አንድ ዓምድ ከመጋቢት ጀምሮ ለምን ባዶ እንደሆነ ሲገርመው ስልክ ያነሣል፤ መዝጋቢዋን ያገኛል፤ ቅጹ በዚያ ወር መቀየሩን ከአንደበቷ ይሰማል፤ ስሌቱንም እንደገና ይጀምራል።