ዓለት የሚወጣው አምባዛ፦ ምንጩ ለማን ይሁን?

የክርክሩ መነሻ፦ በሰሜን ኢኳዶር፣ በአንዲስ ተራሮች ላይ ኢምባቡራ የምትባል ክፍለ ሀገር አለች። እዚያ ብቻ የሚኖር፣ የአገሩ ሰው «ፕሬኛዲያ» የሚለው ትንሽ አምባዛ ሊጠፋ ጫፍ ደርሷል። የቀሩለት ጥቂት ምንጮችና ጅረቶች ከመስኖና ከትራውት (ከውጭ የመጣ፣ ለምግብ የሚረባ ዓሣ ነው) እርባታ ይከለሉ ወይ?

ይከለሉ፦
መጀመሪያ ዓሣውን ጠጋ ብለን እንየው። ቅርፊት የለውም። ክብ አፉ ከሥር ነው፤ እንደ ዋግምት ዓለት ላይ ይጣበቃል። በአፉ ይዞ የሆዱን ክንፎች ወደ ፊት ይስባል። ከዚያ በሆዱ ተጣብቆ አፉን ይለቅና ትንሽ ከፍ ብሎ እንደገና ይይዛል። እንዲህ እያለ ፏፏቴ ይወጣል። አፉ ተይዞ እንዴት ይተነፍሳል? በጎኑ ያለው መተንፈሻ ሁለት በር አለው፤ ውሃው በላይኛው ገብቶ በታችኛው ይወጣል።

በዚያ ደጋ ተወላጅ የሆነ ሌላ ዓሣ የለም። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የኪችዋ ሰዎች ይበሉት፣ ለመድኃኒትም ያውሉት ነበር። ጀርመናዊው ተጓዥ ተመራማሪ ሁምቦልት በዚያ ሲያልፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1691 የኢምባቡራ እሳተ ገሞራ የዚህን ዓይነት ዓሣ እንደ ጉድ ተፋ የሚል ወሬ መዝግቧል። ያኔ ስሙ የሚነሳ፣ የሞላ ዓሣ ነበር።

አይከለሉ፦
እህቴ፣ ዓሣው ድንቅ ነው፤ በዚህ አልከራከርሽም። ግን እዚያው ጅረት ዳር ድንችና በቆሎ የዘራ ሰው አለ። «ውሃውን አትንካ» ስትዪው ልጆቹን ምን ያብላ? ትራውትም ቢሆን ገንዘብ ነው። እኛም አገር፣ ከኬንያ መጥቶ የባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው ትራውት ዛሬ አጥማጅ ይስባል። ፕሬኛዲያውን ለምን በገንዳ አናራባውም?

ይከለሉ፦
ወንድሜ፣ ይህ ዓሣ ለሚሮጥ ውሃ የተሠራ ነው። ገንዳ ውስጥ የቱን ፏፏቴ ሊወጣ? ትራውት ደግሞ አዳኝ ነው፤ ከኩሬው ካመለጠ ትንንሹን ዓሣ ይለቅማል። ባሌን ጠቀስክ። ትራውት ከመግባቱ በፊት በዌብና በዳንካ ወንዞች ምን ምን ይኖር እንደነበር ማን ቆጠረ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ገበሬው ላይ ብቻ አልፈርድም፤ የከተማ ፍሳሽም አለበት። የምንጩ ዓይንና ከሱ በታች ያለው ጥቂት ርቀት ይተው። ገበሬው ከዚያ ወዲያ ይጥለፍ።

አይከለሉ፦
ትራውቱን ከእነዚያ ጅረቶች ማራቅ ይዋጥልኛል። «ከታች ይጥለፍ» ያልሽው ግን ለላይኛው ማሳ አይሆንም። ውሃ ዳገት አይወጣም፤ ፓምፕ ይፈልጋል። ፓምፑን ማን ይገዛል? ነዳጁንስ? ይህ ተጽፎ ሳይፈረም ገበሬውን «ቦይህን ድፈን» አልለውም።