ቦታው አልቀናሽም ስትባሉ

ሰሞኑን አራዳ አካባቢ ወጣቶች ስልካቸው ላይ የዓለም ካርታ ከፍተው ሲከራከሩ እሰማለሁ። ካርታው በመስመር ተሞልቷል። አንዱ «የኔ ጁፒተር ካናዳ ላይ ነው» ይላል። ሌላው «ጎንደር ላይ ያለብኝ ሳተርን ነው፣ ሥራ ያጣሁት ለዚህ ነው» ብሎ ያዝናል። ይሄኛው ነው ያሳሰበኝ።

ነገሩ አስትሮካርቶግራፊ ይባላል። ያስፋፋው ጂም ልዊስ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ነው። በተወለዳችሁባት ቅጽበት እያንዳንዱ ፕላኔት የት አገር ላይ ሲወጣ፣ የት ሲጠልቅ፣ የት አናት ላይ እንደነበር ተሰልቶ ካርታው ላይ ይሰመራል። ቬነስ ያለፈችበት አገር ፍቅር፣ ጁፒተር ያለፈበት ሲሳይ፣ ሳተርን ያለፈበት ፈተና ይጠብቃችኋል ይላሉ።

ስሌቱ ግን ትክክለኛ የልደት ሰዓት ይፈልጋል። መሬት በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ትዞራለች። በሰዓት 15 ዲግሪ ማለት ነው። ብዙዎቻችንን እናቶቻችን «ከብት ሲገባ ነው የተወለድክ» ነው የሚሉን። አንድ ሰዓት ከተሳሳተ ጎንደር ላይ የነበረው መስመር ሱዳንን አቋርጦ ቻድ ድንበር ይደርሳል! በዚህ ተማምኖ አገር የሚለቅ ልጅ ያሳዝነኛል።

ቦታ ሕይወትን አይነካም አልልም። በጣም ይነካል። በትውፊት ነገሥታቱ ስሟ በ«ጎ» የሚጀምር ከተማ ፈልጉ የሚል ትንቢት ተነግሯቸው ነበር። ትውፊቱን እወደዋለሁ። ግን አጤ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 የከተሙበት የጎንደር ቦታ አንገረብና ቀሃ የሚፈሱበት ወይናደጋ ነው። የሱዳን፣ የምፅዋና የጎጃም ነጋዴም ይገናኝበታል። ከተማዋን ያሳደጋት ውሃውና መንገዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 አጤ ቴዎድሮስ ሲዘርፏት፣ በ1888 ደርቡሽ ሲያቃጥላትም ቦታዋ ያው ነበር።

የማውቃት አንዲት ባለሱቅ ገበያዋ ሲቀዘቅዝ አገር ቤት ወዳለው ኮከብ ቆጣሪ ሄደች። የሷንና የእናቷን ስም ፊደል ቆጥሮ፣ ለ12 አካፍሎ፣ «ቦታው ከኮከብሽ አይስማማም» አላት። ልትለቅ ስትል ሄጄ ሱቁን አየሁት። ሱቁ ፊት ለፊት የጎርፍ ቦይ ተቆፍሯል። መሻገሪያው አንድ የሚወዛወዝ ጣውላ ነው። ዘንቢል የያዙ እናቶች ጫፉ ላይ ይደርሱና ወደ ቀጣዩ ሱቅ ያልፋሉ። ለቆጣሪው የከፈለችው ብር ደህና መሻገሪያ ያሠራ ነበር።