ፍተሻ ላይ «አይቻልም» ብቻ አይበቃም

ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ደጋግሞ የሚሰማው ቃል «አይቻልም» ነው። ሽቶው አይቻልም፣ መቀሱ አይቻልም፣ ውሃው አይቻልም። ለምን እንደማይቻል ግን የሚናገር የለም። ፈታሹ ሰልፉ እንዳይረዝም ይቸኩላል፤ መንገደኛው በረራው እንዳያመልጠው ይቸኩላል። እቃው ቅርጫት ውስጥ ይጣላል፣ ባለቤቱ ተናዶ ያልፋል። በሚቀጥለው ጉዞም ያንኑ እቃ ይዞ ይመጣል።

ይህ የመስተንግዶ ጉድለት ብቻ አይመስለኝም። የደህንነት ጉዳይ ነው። ሰው ምክንያቱን ካላወቀ ክልከላውን እንደ ማንገላታት ያየዋል። ማንገላታት የመሰለውን ነገር ደግሞ ለመሸወድ ይሞክራል፤ እቃውን ልብስ ውስጥ ጠቅልሎ ሻንጣው ሥር ይከተዋል። አንዳንዱ እቃ ደግሞ በጭራሽ መቀመጥ የሌለበት ቦታ እዚያው ነው።

መንገደኛውን ከሁሉም በላይ የሚያደናግረው ከላይ የተከለከለው ከታች መፈቀዱ፣ ከታች የተከለከለው ደግሞ ከላይ መፈቀዱ ነው። ቢላዋ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ወደ ጭነት ክፍል በሚሄደው ሻንጣ ግን ይገባል። ፓወር ባንክ (ስልክ የሚሞላበት ተንቀሳቃሽ ባትሪ) የዚህ ግልባጭ ነው። ነገሩ የተምታታ ይመስላል እንጂ አልተምታታም። ቢላዋው ወደ ታች የሚላከው በበረራ ላይ ማንም እንዳይደርስበት ነው። ባትሪው ከላይ የሚቀረው ደግሞ ሰው ቶሎ እንዲደርስበት ነው። አንዱ ሕግ የሚፈራው ሰውን ነው፣ ሌላው የሚፈራው እቃውን ራሱን። ይህን ያህል አጭር ማብራሪያ ለምን ግድግዳ ላይ እንደማይለጠፍ አይገባኝም።

ፈሳሹን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 የእንግሊዝ ፖሊስ አንድ ሴራ አከሸፈ። ሴረኞቹ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚበሩ አውሮፕላኖችን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በተሞላ ፈሳሽ ፈንጂ ለማጋየት አቅደው ነበር። በእጅ ሻንጣ ለሚያዝ ፈሳሽ የተጣለው፣ መያዣው ከ100 ሚሊ ሊትር አይብለጥ የሚለው ገደብ የመጣው ከዚያ ነው። ብዙ ሰው የሚናደደው ግማሽ በቀረው ጠርሙሱ ነው፤ «ውስጡ እኮ ትንሽ ነው» ይላል። ነገር ግን የሚታየው የመያዣው መጠን እንጂ የቀረው ፈሳሽ አይደለም። ፈታሹ ለእያንዳንዱ ሰው በዓይኑ እየገመተ መፍረድ አይችልም። ለመንገድ የሚያስፈልግ መድኃኒትና የሕፃን ወተት ከገደቡ ውጭ ናቸው። አዳዲስ የፍተሻ ማሽን ያስገቡ አንዳንድ ኤርፖርቶች ገደቡን አላልተዋል። ችግሩ፣ ሲሄዱ ያለፈው ጠርሙስ ሲመለሱ በሌላ ኤርፖርት ሊያዝ ይችላል።

ዛሬ ከሁሉ በላይ ልናወራበት የሚገባው ግን ባትሪ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲበላሽ፣ ሲጨፈለቅ ወይም ውስጡ ሲነካካ በራሱ መጋል ይጀምራል። ሙቀቱ ባትሪው ውስጥ ወዳለው ጎረቤት ሴል (ባትሪው የተሠራበት ትንሽ ክፍል) ይተላለፋል፣ ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣል፣ እሳት ይከተላል። ይህ የሆነው መንገደኞች ባሉበት ክፍል ከሆነ ጭሱ ወዲያው ይታያል፤ የበረራ አስተናጋጆች እሳቱን አጥፍተው ባትሪውን በውሃ ያቀዘቅዙታል። በጭነት ክፍል ከሆነ ግን ማንም አይደርስበትም። እዚያ ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ያዳፍነው ይሆናል እንጂ የጋለውን ባትሪ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ እሳቱ ሊያገረሽ ይችላል።

እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 2010 ከዱባይ የተነሣ ዩፒኤስ የተባለው የአሜሪካ እቃ አመላላሽ ድርጅት የጭነት አውሮፕላን በእሳት ተከስክሶ ሁለቱም አብራሪዎች ሞተዋል። ጭነቱ ውስጥ ብዙ ሊቲየም ባትሪ ነበር። በጥር 2025 ደግሞ ደቡብ ኮሪያ፣ ጊምሄ ኤርፖርት ላይ ለመነሣት በመዘጋጀት ላይ የነበረ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ተቃጠለ። እሳቱ የተነሣው ከመቀመጫ በላይ ካለው የሻንጣ ሳጥን ነበር፤ መርማሪዎቹም መነሻው ፓወር ባንክ ሳይሆን አይቀርም አሉ። አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ስለነበር 176ቱም ሰዎች ወጡ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ፓወር ባንክ በሳጥኑ ውስጥ እንዳይቀመጥ ከልክላለች፤ መንገደኛው በአጠገቡ ይይዘዋል።

ልኩን ማወቅም ከባድ አይደለም። እስከ 100 ዋት-አወር (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ) ያለው ባትሪ በአብዛኛው ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ያለው በእጅም በጭነትም አይሄድም። ፓወር ባንኩ ላይ የተጻፈው 20,000 ሚሊአምፔር-አወር ከሆነ ቁጥሩን በ3.7 ቮልት አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉት፤ 74 ዋት-አወር ይመጣል። ጽሑፉ የተፋቀበትን ፓወር ባንክ ቤት መተው ይሻላል፤ ፈታሹ የሚያምንበት ነገር የለውም።

ሌሎቹ ክልከላዎችም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። የሜርኩሪ ቴርሞሜትር በጥንቃቄ የሚታየው ሜርኩሪ አሉሚኒየምን ስለሚበላ ነው፤ የአውሮፕላን አካል ደግሞ በብዛት አሉሚኒየም ነው። የጋዝ ሲሊንደር፣ ቤንዚን፣ ተቀጣጣይ ቀለም፣ ርችት የትኛውም ሻንጣ ውስጥ አይገቡም። «ምንም አይሆንም» ብሎ መጫን ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በግንቦት 1996 አሜሪካ ውስጥ የወደቀው የቫሉጄት አውሮፕላን አሳይቷል። ኦክስጅን የሚያመነጩ ቆርቆሮዎች «ባዶ» ተብለው ተጭነው ነበር። ባዶ አልነበሩም። 110 ሰዎች አለቁ።

ፈታሾቹን አልወቅስም፤ የሚሠሩት የተሰጣቸውን ነው። የምወቅሰው ሕጉን ያለ ምክንያቱ የሚያወጁትን ነው። ትኬት ሲቆረጥ የሚላከው ረጅም ዝርዝር በጥቃቅን ፊደል የታጨቀ ነው፤ ማንም አያነበውም። ቼክ ኢን ላይ «የተከለከለ ነገር ይዘዋል?» ብሎ መጠየቅም ጥቅም የለውም። ማን አዎ ይላል? ጥያቄው «ፓወር ባንክ ወይም ትርፍ ባትሪ ሻንጣው ውስጥ አለ?» ቢሆን ግን ሰው ቆም ብሎ ያስባል።

በተለይ አንድ ቅጽበት ያሳስበኛል። በረራው ሞልቶ ከላይ ያለው ቦታ ሲያልቅ፣ መሳፈሪያው በር ላይ ሠራተኞች የእጅ ሻንጣ እየሰበሰቡ ወደ ጭነት ክፍል ይልካሉ። ፍተሻውን በሕጋዊ መንገድ ያለፈው ፓወር ባንክ በዚያች ደቂቃ የተከለከለበት ቦታ ይገባል። መንገደኛው መቀመጫ ለመያዝ ስለሚጣደፍ ትዝም አይለው። አየር መንገዶች በዚህች በር ላይ ጥያቄውን ግዴታ ሊያደርጉት ይገባል፤ ለእያንዳንዱ ሻንጣ፣ መለያው ከመታሰሩ በፊት። ካልጠየቁዎትም እርስዎ ራስዎ ያስቁሟቸው፤ ዚፑን ከፍተው ፓወር ባንኩን፣ ትርፍ ባትሪውንና የኤሌክትሪክ ሲጋራውን ያውጡ፣ ከዚያ ሻንጣውን ያስረክቡ።